ከሶላሩ በፊት ፓምፑን እዩት

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ውድ አንባቢዎች፣ ስለ ውሃ መስሪያ ቤቶች የመብራት ወጪና ስለ ታዳሽ ኃይል ያላችሁን ጥያቄ ላኩልን ብለን ነበር፣ ከፓምፕ ኦፕሬተር እስከ ቦርድ አባል፣ ከተራ ደንበኛ እስከ ሂሳብ ክፍል ብዙ ሰው ጽፎልናል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን አቅርበናል። አመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ተራ ደንበኛ ነኝ። የውሃ መስሪያ ቤታችን ትልቁ ወጪው መብራት ነው ሲባል ሰማሁ። ውሃ ከወንዝና ከጉድጓድ ነው የሚመጣው፣ መብራቱ ምን ውስጥ ነው የሚገባው?

መልስ፦ ነገሩ ክብደት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፣ እሱን 100 ሜትር ወደላይ ለመግፋት ምንም ሳይባክን ራሱ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፣ ፓምፑና ሞተሩ ደሞ ከሚስቡት መብራት ውሃው ላይ የሚያደርሱት ብዙ ጊዜ ከ60 እስከ 70 ፐርሰንቱን ስለሆነ በተግባር 0.4 ገደማ ይሆናል። ትንሽ ትመስላለች አይደል፣ ግን በቀን 20,000 ሜትር ኩብ የሚገፋ ጣቢያ ላይ ስታባዙት በየቀኑ 8,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ቅዳሜና እሁድ የለ፣ በአል የለ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤድመንስተን የሚባል የፓምፕ ጣቢያ አለ፣ ውሃውን በአንድ ጊዜ 587 ሜትር ከፍ አድርጎ ተራራ የሚያሻግር፣ 14 ፓምፖች ያሉት፣ እያንዳንዳቸው 80,000 የፈረስ ጉልበት። ቪየና ደሞ ተቃራኒው ነው፣ በ1873 እና በ1910 በተከፈቱ ሁለት ረጃጅም መስመሮች ውሃው ከተራራ ምንጮች በራሱ ቁልቁል ይወርዳል፣ እንደውም መንገድ ላይ ተርባይን እያዞረ መብራት ያመርታል። ስለዚህ የአንዱን ከተማ ቢል ከሌላው ጋር ዝም ብሎ ማወዳደር ልክ አይደለም፣ መልክአ ምድሩ ግማሹን ወስኖታል።

ንፁህ የወንዝ ውሃ ማጣራት ራሱ ብዙ መብራት አይበላም፣ የሚበላው መግፋቱ ነው። የባህር ውሃን ጨው አውጥቶ ማጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው፣ በአንድ ሜትር ኩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የአለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ባወጣው ስሌት በ2014 የውሃው ዘርፍ የአለምን ኤሌክትሪክ 4 ፐርሰንት ገደማ ይጠቀም ነበር። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ደሞ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ከሚጠቀሙት ኢነርጂ ከ30 እስከ 40 ፐርሰንቱ የሚሄደው ለውሃና ለፍሳሽ ነው ይላል። በእርስዎ የውሃ ቢል ውስጥ መብራት ተደብቆ አለ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የፓምፕ ጣቢያችን 100 ኪሎዋት ሞተር አለው። 100 ኪሎዋት ሶላር ብንተክል ከመብራት ቢል እንገላገላለን ወይ? ስብሰባ ላይ ይሄን ብዬ ሰዎች ሳቁብኝ፣ ለምን እንደሳቁ ግን ማንም አላስረዳኝም።

መልስ፦ መሳቃቸው ልክ አልነበረም፣ ምክንያቱም ይሄ ጥያቄ ብዙ ፕሮጀክት የሚበላሽበት ቦታ ነው። ሞተሩ ላይ የተጻፈው 100 እና ፓኔሉ ላይ የተጻፈው 100 አንድ አይነት 100 አይደሉም። ሞተሩ 24 ሰዓት ከሰራ በቀን 2,400 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ፓኔሉ ያንን 100 ኪሎዋት የሚሰጠው ፀሐይ በሙሉ ጉልበቷ ስትመታው ብቻ ነው፣ ጠዋት ትንሽ፣ ከሰዓት ትንሽ፣ ማታ ምንም፣ ደመና ሲመጣ ይወርዳል፣ አቧራ ሲይዘው ይወርዳል፣ ሲሞቅ ራሱ ይወርዳል። ጥሩ ፀሐይ ያለበት ቦታ 100 ኪሎዋት ፓኔል በቀን ከ400 እስከ 500 ኪሎዋት ሰዓት ቢሰጣችሁ ነው። ይሄ ማለት ፓምፑ ከሚፈልገው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ነው።

እንደዛ ከሆነ አምስት እጥፍ እንትከል ብትሉ ደሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፣ እኩለ ቀን ላይ 500 ኪሎዋት ሲመረት ፓምፑ የሚወስደው 100 ብቻ ነው፣ ቀሪውን 400 ማን ይገዛችኋል? የመብራት ኩባንያው ትርፉን በጥሩ ዋጋ የሚቀበል ከሆነ ያዋጣል፣ በሳንቲም ወይም በነፃ የሚወስድ ከሆነ ግን ለሌላ ሰው ነው የተከላችሁት። እኔ የምመክረው ትርፉን የሚመለከተው ደንብ በጽሁፍ እስኪታወቅ ድረስ መጠኑን ቀን ቀን ራሳችሁ ልትጨርሱት በምትችሉት ልክ መወሰን ነው። ቦታም አስቡ፣ መሬት ላይ የሚተከል 1 ሜጋዋት ከ1 እስከ 2 ሄክታር ይፈልጋል። ቦታ ከሌለ ውሃው ላይ መትከል አለ፣ ለንደን አጠገብ ንግስት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ በሚባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ላይ በ2016 6.3 ሜጋዋት ተንሳፋፊ ሶላር ተተክሏል፣ ህንድ ጉጃራት ውስጥ ደሞ በ2012 1 ሜጋዋት ፓኔል በመስኖ ቦይ ላይ እንደ ጣሪያ ተዘርግቷል። ቦዩን ስለሚሸፍን ትነቱንም ይቀንሳል፣ ይሄ ለውሃ ሰዎች ተጨማሪ ጥቅም ነው።

ጥያቄ፦ ኦፕሬተር ነኝ። ድሮ መብራት ማታ ርካሽ ስለሆነ ታንከሩን ማታ ሙሉ ይሉን ነበር፣ አሁን ሶላር ከመጣ በኋላ ቀን ሙሉ ይሉናል። የትኛው ነው ትክክል? ታንከሩ ባዶ ቢሆን እኮ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

መልስ፦ ሁለቱም በጊዜያቸው ትክክል ናቸው፣ ሀሳቡም አንድ ነው፣ መብራቱ በረከሰበት ሰዓት ውሃ ግፋ፣ በተወደደበት ሰዓት ከታንከር አጠጣ። ይሄን ማድረግ መቻላችሁ ሌላው መስሪያ ቤት የሌለው ሀብት ነው። ሆስፒታል ቀዶ ጥገናውን ለነገ ፀሐይ ሊያቆየው አይችልም፣ እናንተ ግን ከፍታ ላይ የቆመ ማጠራቀሚያ አላችሁ፣ እሱ ሲሞላ የተጠራቀመ ኃይል ነው። 5,000 ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንከር በ60 ሜትር ከፍታ ለመሙላት ፓምፑ 70 ፐርሰንት ብቃት ካለው 1,160 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ያንን ያህል መብራት የሚይዝ ባትሪ ግዙ ቢባል ስንት እንደሚጠይቅ አስቡት፣ ታንከሩ ግን አለ፣ ተከፍሎለታል። ስለዚህ የውሃ ድርጅት ባትሪ ከመግዛቱ በፊት ያለውን ኮንክሪት በደንብ ይጠቀም ባይ ነኝ።

የእርስዎ ፍርሃት ግን ተገቢ ነው፣ አለቆችም መስማት አለባቸው። ኦፕሬተር ታንከሩን ሁሌ አፉ ድረስ ሞልቶ የሚይዘው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ባዶ ከሆነ ስልክ የሚደወለው እሱ ጋ ስለሆነ ነው። ዝቅተኛው መጠን ስንት እንደሆነ፣ ለእሳት አደጋ የሚቀመጠው ስንት እንደሆነ፣ መብራት ቢጠፋ ስንት ሰዓት እንደሚያቆይ በጽሁፍ ተወስኖ ከተፈረመ፣ ከዛ በላይ ባለው ውሃ ላይ ኦፕሬተሩ በነፃነት ይጫወታል። ደረጃውን የሚያሳይ ሴንሰር በደንብ መስራት አለበት፣ በግምት ይሄ ነገር አይሰራም። ሌላ ጥቅምም አለው፣ ውሃ ታንከር ውስጥ ብዙ ሲቆይ ክሎሪኑ እየደከመ ይሄዳል፣ ስለዚህ ከፍ ዝቅ ማለቱ ውሃውንም ያድሰዋል።

ሌላው፣ ፓምፖቹን በአንዴ አታስነሱ። ብዙ ቦታ ታሪፉ ከኪሎዋት ሰዓቱ ሌላ በወሩ ውስጥ በአንድ 15 ወይም 30 ደቂቃ ውስጥ በሳባችሁት ትልቁ ኃይልም ያስከፍላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሶስቱንም ፓምፕ አንድ ላይ አስነስቶ ጠዋቱን በሙሉ አብሮ ማስኬድ የወሩን ቢል ይወስነዋል። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይነሳ፣ ይሄ ምንም ባጀት አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ አንድ ሻጭ መጥቶ ቪኤፍዲ ካስገባችሁ የፓምፑን መብራት በግማሽ ትቆጥባላችሁ አለን። እውነት ነው?

መልስ፦ እንደ ቦታው ነው። ቪኤፍዲ የሞተሩን ፍጥነት የሚቀይር መሳሪያ ነው፣ ሻጩ የነገራችሁ ሂሳብ ደሞ እውነተኛ ነው፣ የሚፈለገው ኃይል የፍጥነቱ ኩብ ነው፣ ፍጥነቱን ወደ 80 ፐርሰንት ብታወርዱት ኃይሉ ወደ 51 ፐርሰንት ይወርዳል። ችግሩ ይሄ ሂሳብ በደንብ የሚሰራው ፓምፑ የሚታገለው ከቱቦው ሰበቃ ጋር ሲሆን ነው። የእናንተ ፓምፕ ውሃውን ኮረብታ ላይ ወዳለ ታንከር የሚያወጣ ከሆነ ኮረብታው ፍጥነት ስለቀነሳችሁ አያጥርም፣ ትንሽ በዛ አድርጋችሁ ስትቀንሱ ውሃው ጭራሽ መውጣት ያቆማል፣ ፓምፑ ግን መብራት እየበላ ይዞራል። ስለዚህ ሻጩን በጽሁፍ ጠይቁት፣ በኛ ጣቢያ ከጠቅላላው ግፊት ውስጥ ስንቱ ከፍታ ነው ስንቱ ሰበቃ ነው በሉት፣ መልስ ከሌለው ኮንትራት አትፈርሙ።

ከዛ በፊት ደሞ ያለውን ፓምፕ አስለኩ። ፍሰቱን፣ ግፊቱን፣ የሚስበውን ኪሎዋት፣ ሶስቱን ብቻ። ሲገዛ 75 ፐርሰንት ብቃት የነበረው ፓምፕ ውስጡ ተበልቶ 50 ላይ ወርዶ እየሰራ ሊሆን ይችላል፣ ውሃ እየወጣ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። መውጫው ላይ ያለው ቫልቭ ሁሌ በግማሽ ተዘግቶ የሚሰራ ከሆነ ፓምፑ ለቦታው ትልቅ ነው ማለት ነው፣ እዛ ላይ ውስጡ እየዞረ ውሃውን የሚገፋውን ኢምፔለር ማስከርከም ወይም በትንሽ ፓምፕ መቀየር ከቪኤፍዲ ሊረክስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ቱቦው ሰፈራችን ውስጥ ሲፈስ ይውላል፣ መስሪያ ቤቱ ግን ሶላር ተከልኩ ብሎ ሪባን ይቆርጣል። ይሄ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

መልስ፦ ንዴትዎ ይገባናል። ከመቶ ሊትር 30 ሊትር መንገድ ላይ የሚጠፋ ከሆነ 70 ሊትር ለማድረስ 100 ሊትር ነው የሚጣራውም የሚገፋውም፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ በደረሰ ሊትር ላይ 43 ፐርሰንት ተጨማሪ መብራት አለ። ያንን ተጨማሪ በሶላር መሸፈን ሶላሩን ማባከን ነው። ደሞ ማታ ማታ ሰው ሲተኛ ግፊቱን ዝቅ ማድረግ ብቻ ከቱቦ የሚፈሰውንም ውሃ ይቀንሳል የቱቦ ፍንዳታንም ይቀንሳል። በእኔ እምነት ሁለቱ አብረው መሄድ ይችላሉ፣ ግን የሚያፈሱ ቱቦዎችን መጠገኛ ባጀት ወስዶ ሶላር መትከል ልክ አይደለም፣ ይሄን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ቱቦ ውስጥ ተርባይን ተክሎ መብራት ማምረት ይቻላል የሚባለውስ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ቦታ ይመርጣል። ውሃው ከከፍታ እየወረደ ግፊቱ ስለበዛ በቫልቭ የምትገድሉት ቦታ ካለ፣ ቫልቩ የሚገድለውን ኃይል ተርባይን ሊወስደው ይችላል። በሰከንድ 100 ሊትር ሆኖ 60 ሜትር ትርፍ ግፊት ካለ፣ በ65 ፐርሰንት ብቃት 38 ኪሎዋት ገደማ ይወጣል፣ አመቱን ሙሉ ቀን ከሌሊት። ለትንንሽ ቦታ ተራ ፓምፕን ወደ ኋላ እያዞሩ እንደ ተርባይን መጠቀምም የተለመደ ነው፣ ዋጋው ይረክሳል። ፖርትላንድ ኦሪገን ውስጥ በ2015 ዋና የውሃ ቱቦ ውስጥ የተገጠሙት አራት ተርባይኖች አንድ ላይ 200 ኪሎዋት አቅም አላቸው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ያንን ውሃ መጀመሪያ በፓምፕ ያወጣችሁት ራሳችሁ ከሆናችሁ ተርባይኑ የሚመልስላችሁ ካባከናችሁት ላይ ቆርሶ ነው፣ እንደዛ ከሆነ መፍትሄው ሲገፋ ግፊቱን መቀነስ ነው። ቫልቩንም ከጎኑ አታንሱት፣ ተርባይኑ ለጥገና ሲቆም ውሃው መቆም የለበትም።

ጥያቄ፦ በፍሳሽ ማጣሪያ ነው የምሰራው፣ ስለኛ ማንም አያወራም። እኛስ ታዳሽ ኃይል ይመለከተናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም በላይ እናንተን ነው የሚመለከተው። ፍሳሹ ውስጥ ራሱ ኃይል አለ። ዝቃጩ አየር በሌለበት ታንክ ውስጥ ሲብላላ ባዮጋዝ ይወጣል፣ 60 ፐርሰንት ገደማው ሚቴን ነው፣ አንድ ሜትር ኩቡ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይይዛል፣ በሞተር ስታቃጥሉት 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መብራት ይሰጣል፣ ሞተሩ የሚተፋው ሙቀት ደሞ ተመልሶ ታንኩን ያሞቃል። ኦስትሪያ ውስጥ ስትራስ የሚባለው ማጣሪያ ከሚጠቀመው በላይ መብራት በማምረት ይታወቃል፣ ኦክላንድ ካሊፎርኒያ ያለው የኢስት ቤይ የውሃ ድርጅት ማጣሪያ ደሞ በ2012 በሰሜን አሜሪካ እዚህ ደረጃ የደረሰ የመጀመሪያው ሆኗል፣ ምስጢሩም ከፍሳሹ በተጨማሪ ከምግብ ፋብሪካዎችና ከሬስቶራንቶች የሚመጣ ቅባትና ተረፈ ምግብ ተቀብሎ ታንኩ ውስጥ መጨመሩ ነው። ጋዙ ግን ሳይጣራ ሞተር ውስጥ አይገባም፣ ውስጡ ያለው ድኝ ብረት ይበላል፣ ከሻምፑና ከኮስሞቲክስ የሚመጣው ሲሎክሳን የሚባል ኬሚካል ደሞ ሞተሩ ውስጥ አሸዋ መሳይ ነገር ይጋግራል። ይሄን የጋዝ ማጣሪያ ከባጀት የቀነሰ ሰው ሞተሩን አብሮ ቀንሷል።

ከዛ በፊት ግን ፍሳሹ ውስጥ አየር የሚነፉትን ማሽኖች፣ ብሎወሮቹን እዩአቸው። በተለመደው ባክቴሪያ በሚያጣራው ሲስተም ከማጣሪያው መብራት ግማሹን አንዳንዴም ከዛ በላይ የሚበላው አየር መንፋቱ ነው። ባክቴሪያዎቹ በአንድ ሊትር 2 ሚሊግራም ኦክስጅን ካገኙ ብዙ ጊዜ ይበቃቸዋል፣ መለኪያው 5 እያሳየ ብሎወሩ በሙሉ ጉልበት የሚነፋ ከሆነ ያ ሁሉ መብራት አየር ላይ እየተበተነ ነው። መለኪያውን አጽድታችሁ ብሎወሩ እሱን እያየ ከፍ ዝቅ እንዲል ማድረግ፣ የተደፈኑትን አየር ማስወጫዎች መቀየር፣ እዚህ ጋ ያለው ቁጠባ ከሶላር ቀድሞ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የባህር ውሃ ማጣሪያ በንፋስ ኃይል ይሰራል ሲሉ ንፋስ ሲቆም ውሃ ይቆማል ማለት ነው?

መልስ፦ አይቆምም። የአውስትራሊያዋ ፐርዝ በ2006 የከፈተችው ማጣሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው፣ ኃይሉ ኢሙ ዳውንስ ከሚባል 80 ሜጋዋት የንፋስ ጣቢያ በሚገዛ መብራት ይካካሳል፣ ማጣሪያው ግን የተገናኘው ከዋናው የመብራት መስመር ጋር ነው። የንፋስ ጣቢያው ወደ መስመሩ ይከታል፣ ማጣሪያው ከመስመሩ ይወስዳል፣ ሂሳቡ በአመት ይተሳሰባል። ይሄ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን በየሰከንዱ የምትጠጣው ውሃ በንፋስ ተጣርቷል ማለት አይደለም፣ መስሪያ ቤቶችም ለህዝብ ሲናገሩ ይሄን ልዩነት ቢያስረዱ እምነት ያተርፋሉ።

ጥያቄ፦ የቦርድ አባል ነኝ። አንድ ኩባንያ ሶላሩን በራሴ ገንዘብ ተክዬ ለ20 አመት መብራቱን ልሽጥላችሁ፣ እናንተ ምንም አታወጡም አለን። እንፈርም?

መልስ፦ አሰራሩ የታወቀ ነው፣ ካፒታል ለሌለው የህዝብ ተቋም እውነተኛ መፍትሄ ሊሆንም ይችላል፣ ጥገናውም የእነሱ ራስ ምታት ነው። ግን ምንም አታወጡም የሚለው ቃል ያስፈራኛል፣ 20 አመት መክፈል ማውጣት ነው። ዋጋው በየአመቱ በስንት ይጨምራል? አሁን ከመስመሩ ዋጋ በታች ሆኖ በየአመቱ 3 ፐርሰንት የሚጨምር ከሆነ በ20ኛው አመት 75 ፐርሰንት ገደማ ጨምሯል፣ ፓኔሉ ደሞ በየአመቱ ግማሽ ፐርሰንት ያህል እየደከመ ነው። ያላመረቱትን ይከፍሏችኋል ወይስ ኪሳራው የእናንተ ነው? ፓምፑን ብትቀይሩና የምትፈልጉት መብራት ቢቀንስ ያልተጠቀማችሁበትን ትከፍላላችሁ? ይሄኛው በጣም አስፈላጊ ነው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ሶላር ፈርሞ ቀጥሎ መብራት የሚቆጥብ መስሪያ ቤት የቆጠበውን ለኩባንያው ሲከፍል ሊኖር ይችላል። የፓኔሉን መብራት ሞተር ወደሚጠቀምበት አይነት የሚቀይረው ኢንቨርተር ከ10 እስከ 15 አመት ውስጥ ይቀየራል፣ ማን ይቀይራል? ኩባንያው ቢዘጋ፣ ቢሸጥ፣ መሬቱን ለሌላ ብትፈልጉት፣ ኮንትራቱ ሲያልቅ እቃውን ማን ያነሳል? እነዚህ በሙሉ መልስ ኖሯቸው፣ ውሉን የናንተ ጠበቃ አንብቦት፣ ቢያንስ ሌላ ሁለት ኩባንያ ተወዳድሮ ከሆነ ይፈረም። ውሉንም ለደንበኛው ክፍት አድርጉት፣ ገንዘቡ የእሱ ነው።

ጥያቄ፦ የሂሳብ ክፍል ሰራተኛ ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መብራት ብንቆጥብ በሚቀጥለው አመት ባጀታችን ይቀነሳል። ማን ይቆጥባል?

መልስ፦ ይሄን በግልጽ ስለጻፉልን በጣም እናመሰግናለን፣ ብዙ ቦታ ያለው እውነተኛ እንቅፋት ይሄ ነው፣ ቴክኖሎጂው አይደለም። የቆጠበ ክፍል የሚቀጣ ከሆነ ማንም ፓምፑን አያስለካም። የጀርመኗ ሽቱትጋርት ከተማ ከ1995 ጀምሮ የምትጠቀምበት አሰራር አለ፣ ከተማዋ አንድ የውስጥ ፈንድ አቋቋመች፣ የትኛውም መስሪያ ቤቷ ኢነርጂ የሚቆጥብ ስራ ሲያቀርብ ፈንዱ ወጪውን ይሸፍናል፣ መስሪያ ቤቱ ደሞ በቢሉ ላይ ከቆጠበው ገንዘብ ያንን ወጪ እስኪጨርስ ለፈንዱ ይመልሳል፣ የተመለሰው ለሚቀጥለው ስራ ይሄዳል። ባንክ የለበትም፣ የውጭ ኩባንያ የለበትም። የውሃ መስሪያ ቤት ይሄን በትንሹ በራሱ ውስጥ ሊጀምረው ይችላል፣ ዋናው የቆጠበው ክፍል ባጀቱ ቢያንስ እዳው እስኪያልቅ እንደማይነካ ቦርዱ በውሳኔ ማጽደቁ ነው።

ለዚህ ግን የእርስዎ ክፍል ቁጥር ያስፈልጋል። ያለፈውን 12 ወር ቢል በየጣቢያው ለዩት፣ በእያንዳንዱ ጣቢያ የወጣውን ውሃ አጠገቡ ጻፉ፣ አካፍሉት፣ በአንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሆነ በየወሩ አስቀምጡ። ጣቢያዎቹ ከፍታቸው ስለሚለያይ እርስ በርስ ሳይሆን እያንዳንዱን ከራሱ ካለፈው ወር ጋር አወዳድሩት። ቁጥሩ ቀስ እያለ የወጣበት ጣቢያ ፓምፑ ሳይደክም አልቀረም፣ በአንዴ የዘለለበት ጣቢያ ደሞ የቫልቭ ወይም የቆጣሪ ችግር ሳይኖር አይቀርም፣ ኦፕሬተሩ ጋ ደውሉና ጠይቁት። ቆጣሪ የሌለው ጣቢያ ካለ የፈንዱ የመጀመሪያ ወጪ እዛ ይሁን።